«እስራኤልን የማይደግፍ ክርስቲያን የተረገመ ነው» ለሚለው ስብከት ምን እንበል?

ጥያቄው፦ «ባለፈው እሑድ ቸርቻችን አንድ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ነበር። ዘፍጥረት 12፥3ን፣ እግዚአብሔር ለአብርሃም ‹የሚባርኩህን እባርካለሁ፥ የሚረግሙህንም እረግማለሁ› ያለበትን አንብቦ ‹እስራኤልን የማይደግፍ ክርስቲያን በእርግማን ሥር ነው› አለ። መድረኩ ላይ የእስራኤል ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ስነግራት ‹ኧረ ልጄ፣ እስራኤል ዘነፍስ (መንፈሳዊው እስራኤል) እኛ ነን፤ የድሮው አልፏል› አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የመጨረሻ ዘመን ትምህርት ሲሰማ ያድራል። ንጥቀት (ጌታ አማኞችን ወደ ሰማይ የሚነጥቅበት ቀን) ደርሷል ብሎ ከሦስተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሊያቋርጥ ነው። ማን ነው ትክክል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሦስቱም ከመጽሐፍ ቅዱስ የያዙት ነገር አላቸው። ሦስቱም ደግሞ ሮሜ 11 ላይ ሲደርሱ የሚያርሙት ነገር አለ። የእኔን አቋም ከጅምሩ ልንገርሽ። እግዚአብሔር ሁለት ሕዝብ የለውም፣ አንድ ነው ያለው። ያ ማለት ግን አይሁድን ጥሏቸዋል ማለት አይደለም። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ወይ ወደ ሰባኪው ወይ ወደ እናትሽ ያዘነብላል።

ከሰባኪው እንነሳ። ትምህርቱ ከየት እንደመጣ ብታውቂ ይጠቅምሻል (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1830ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ጆን ኔልሰን ዳርቢ የሚባል ሰው ነበር። የአንግሊካን ቄስ ሆኖ አገልግሏል፤ ኋላ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ የፕሊማውዝ ወንድሞች ከሚባለው የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ መሪዎች አንዱ ሆነ። የዳርቢ ትምህርት እንዲህ ነው፦ እግዚአብሔር ምድራዊ ሕዝብ አለው፣ እስራኤል። ሰማያዊ ሕዝብም አለው፣ ቤተ ክርስቲያን። የነቢያት ተስፋ ለምድራዊው ሕዝብ ነው። ቤተ ክርስቲያን እስራኤል መሲሑን አልቀበልም ስትል በመሐል የገባች ናት። ስለዚህ እግዚአብሔር ከእስራኤል ጋር የጀመረውን ሊቀጥል ሲል መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያንን ከምድር ማንሳት አለበት።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ከታላቁ መከራ (በመጨረሻው ዘመን ይመጣል ከሚባለው ጭንቅ) በፊት የሚሆን ንጥቀት የሚባለው ትምህርት የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። ሁለት ሕዝብ ካለ፣ አንዱ እንዲገባ ሌላው መውጣት አለበት። የሰባኪው ባንዲራና የወንድምሽ ዩቲዩብ የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ የአንድ ትምህርት ሁለት ጫፎች ናቸው።

ዳርቢ ወደ ሰሜን አሜሪካ ደጋግሞ ተጉዞ አስተማረ። ትምህርቱን በየቤቱ ያስገባው ግን ሳይረስ ስኮፊልድ በ1909 ያሳተመው ባለ ማብራሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ማብራሪያው ከቃሉ ጋር በአንድ ገጽ፣ ከሥር ታትሟል። ሰው ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን በአንድ ድምፅ ማንበብ ለመደ። በ1924 የተከፈተው የዳላስ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ደግሞ ሰባክያንን በዚሁ ትምህርት አሠለጠነ። ከዚያ 1948 መጣ፤ የእስራኤል መንግሥት ተመሠረተ። በ1967 ጦርነት ኢየሩሳሌም በሙሉ በእስራኤል እጅ ገባች። ለተከታዮቹ «ይኸው!» የሚያሰኝ ነበር። ወደ እኛ አገር ከመጡት የሰሜን አሜሪካ ሚስዮናውያን ብዙዎቹ ያደጉት በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። የዓለምን ታሪክ በሰባት ዘመን የሚከፍለው የዚህ ትምህርት ቻርት በየመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቱ የተለመደ የሆነውም ለዚህ ነው።

ይህን የምልሽ ትምህርቱን ለማጣጣል አይደለም። እነዚህ ሰዎች የያዙት አንድ ትልቅ እውነት አለ። እግዚአብሔር ለአብርሃም ልጆች የተናገረውን ቃል አያጥፍም ይላሉ። ክርስቲያኖች አይሁድን ሲንቁ በኖሩበት ታሪክ ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ መናገር ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ሁሉም እዚያው አልቆሙም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ክሬግ ብሌዚንግና ዳረል ቦክን የመሳሰሉ የዳላስ ምሁራን «ሁለት ሕዝብ» የሚለውን ትተዋል። የአብርሃም ተስፋ በክርስቶስ ከአሁኑ መፈጸም ጀምሯል፤ ለእስራኤል ሕዝብም ገና የሚቀር ተስፋ አለ ይላሉ። የእናንተ ሰባኪ ያመጣው የቀድሞውን፣ ያውም የጠነከረውን ነው።

አሁን ወደ እናትሽ። «እስራኤል ዘነፍስ» የሚለው አነጋገር ሥሩ ከሐዋርያት ነው። «እናንተም የክርስቶስ ከሆናችሁ እንኪያስ የአብርሃም ዘር እንደ ተስፋውም ቃል ወራሾች ናችሁ» ይላል ገላትያ 3፥29። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ «የተመረጠ ትውልድ፣ የንጉሥ ካህናት» የሚለውን፣ እግዚአብሔር በሲና ተራራ ለእስራኤል የተናገረውን ቃል ወስዶ ለክርስቲያኖች ይሰጣቸዋል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ትሪፎ ከሚባል አይሁዳዊ ጋር ባደረገው ክርክር እውነተኛው መንፈሳዊ እስራኤል ክርስቲያኖች ነን ብሎ በግልጽ ጽፏል። የሚገርምሽ፣ ይኸው ዮስጢኖስ ክርስቶስ በኢየሩሳሌም ሺህ ዓመት የሚነግሥበትን መንግሥትም ይጠብቅ ነበር። ወዲያው ግን ትክክለኛ እምነት ያላቸው ብዙ ክርስቲያኖች በዚህ ነገር ከእኔ ጋር አይስማሙም ብሎ ያክላል። እኔ ይህን ቦታ እወደዋለሁ። ዛሬ «ሺህ ዓመቱን የማይቀበል መጽሐፍ ቅዱስን አያምንም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዮስጢኖስን አስታውሳለሁ። ሺህ ዓመቱ በቁጥር የተነገረው ራእይ 20 ላይ ብቻ ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ መጀመሪያ ቃል በቃል ይቀበለው ነበር፤ በኋላ ግን የቤተ ክርስቲያንን ዘመን የሚያመለክት ነው አለ። አብዛኛው የጥንት ቤተ ክርስቲያን ወራሽ በዚህኛው ሄደ። እናትሽ በየቅዳሴው በጸሎተ ሃይማኖት «ወአልቦ ማኅለቅት ለመንግሥቱ» ስትል የምትመሰክረው ፍጻሜ የሌለውን መንግሥት ነው።

እስከዚህ እናትሽ ልክ ናት። «የድሮው አልፏል» ያለችው ላይ ግን እኔ ከጳውሎስ ጋር እቆማለሁ። ቤተ ክርስቲያን የአብርሃም ወራሽ ናት ማለት አንድ ነገር ነው። አይሁድ ከእግዚአብሔር ልብ ወጥተዋል ማለት ሌላ ነው። ሁለተኛው አባባል በታሪክ ብዙ ደም አፍስሷል። የፕሮቴስታንት ተሃድሶ መሪ የነበረው ማርቲን ሉተር በ1543 በአይሁድ ላይ የጻፈው ምኩራባቸው ይቃጠል እስከማለት የደረሰ ነበር። አራት መቶ ዓመት ቆይቶ ናዚዎች ያንኑ ጽሑፍ አውጥተው ተጠቀሙበት። በአሜሪካ ያለችው ትልቋ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በ1994 ያንን ጽሑፍ በይፋ አውግዛለች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1965፣ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ አይሁድ በእግዚአብሔር እንደ ተጣሉ ወይም እንደ ተረገሙ ተደርገው መቅረብ የለባቸውም ብላለች።

የፈረንጅ ኃጢአት ብቻ አድርገን እንዳናልፈው ደግሞ አለ። ክብረ ነገሥት የጽዮን ክብር ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ ይላል። ምርጫውም አብሮ ተሻገረ ማለት ነው። ይህ ለብዙ ሰው የኩራት ምንጭ ሆኖ ኖሯል፤ ይገባኛል። በዚያው አገር ግን ቤተ እስራኤሎች ርስት የሌላቸው ሆነው፣ «ቡዳ» እየተባሉ፣ ሸክላና ብረት እየሠሩ ለዘመናት ኖሩ። እኛ እስራኤል ነን እያልን፣ እስራኤላዊ ነኝ የሚለውን ጎረቤታችንን አሸማቀን ነበር።

አሁን ሮሜ 11ን ክፈቺ። ብትችይ ከ9 ጀምረሽ በአንድ ጊዜ አንብቢው፤ ተቆራርጦ ሲነበብ ነው ሰው የሚጣላበት። ጳውሎስ ምዕራፍ 9 ላይ ከእስራኤል የሚወለዱ ሁሉ እስራኤል እንዳልሆኑ ይናገራል። ሰባኪው ይህን ይስማ። ምዕራፍ 11 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ሕዝቡን ጥሏልን ብሎ ይጠይቅና «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ማስረጃው ራሱ ነው፤ «እኔ ደግሞ እስራኤላዊ ነኝ» ይላል። እናትሽ ይህን ትስማ።

ከዚያ የወይራው ዛፍ ይመጣል። አንዳንድ ቅርንጫፎች ባለማመናቸው ተሰበሩ። አሕዛብ፣ ማለትም እኔና አንቺ፣ የበረሃ ወይራ ሆነን ሳለ ተቀጥለን ገባን። የእኛ አገር ወይራ የዚያ የዱሩ ወገን ነው። ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ዘይቱ እዚህ ግባ አይባልም። እናቶቻችን የሚፈልጉት የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ለማጠን ነው። ጳውሎስ አሕዛብን የመሰለው በዚህ ዓይነቱ ዛፍ ነው፤ በሌላ ዛፍ ሥር የሚኖር፣ በሌላው ቅባት የሚወፍር። ስለዚህ እንዲህ ይላል፦ «ብትመካባቸው ግን ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ ሥሩን የምትሸከም አንተ አይደለህም።»

ዛፉ ስንት ነው? አንድ። ጳውሎስ ለአይሁድ አንድ ወይራ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሌላ ወይራ አልተከለም። የዳርቢ ሁለት ሕዝብ እዚህ ቦታ የለውም። ዛፉ ተነቅሎ በምትኩ ሌላ ተተክሏልን? አልተተከለም። ሥሩ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ እንደሆኑ ናቸው። የተሰበሩትንም ቁጥር 23 ላይ «ባለማመናቸው ጸንተው ባይኖሩ» እግዚአብሔር መልሶ ሊያገባቸው ይችላል ይላል። የሚገቡት ወደዚያው ዛፍ ነው፤ የሚገቡትም በማመን ነው። ለአይሁድ ያለ ክርስቶስ ሌላ በር አለ የሚሉ ሰባክያን አሉ። ይህ ምዕራፍ ያንን አይሸከምም።

ቁጥር 26 ላይ «እንደዚሁም እስራኤል ሁሉ ይድናል» ሲል እስራኤል ማን ነው? የ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሃድሶ መሪ ካልቪን አይሁድና አሕዛብ በአንድነት፣ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነው አለ። ሌሎች በየዘመኑ የሚያምኑት የአይሁድ ቀሪዎች ድምር ነው ይላሉ። ሦስተኞቹ በመጨረሻ የአይሁድ ሕዝብ በብዛት ወደ ክርስቶስ ይመለሳል ይላሉ። እኔ ከሦስተኞቹ ጋር ነኝ። ከምዕራፉ መጀመሪያ እስከ ቁጥር 25 ድረስ ጳውሎስ እስራኤል ሲል አይሁድን ማለቱ ነው። በአንድ መስመር ተገልብጦ ቤተ ክርስቲያን ሊሆን አይችልም። ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ ስለ እነዚያው ሰዎች «በወንጌልስ በኩል ስለ እናንተ ጠላቶች ናቸው፥ በምርጫ በኩል ግን ስለ አባቶች ተወዳጆች ናቸው» ይላል። ቤተ ክርስቲያንን የወንጌል ጠላት ሊላት አይችልም። ይህን አቋም ለመያዝ የስኮፊልድ ተከታይ መሆን አያስፈልግም። አውግስጢኖስ ራሱ በመጨረሻ ኤልያስ መጥቶ ለአይሁድ ሕጉን ሲገልጥላቸው በክርስቶስ እንደሚያምኑ ጽፏል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የዌስትሚንስተር ትልቁ ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተጻፈ የፕሮቴስታንቶች ትምህርት) «መንግሥትህ ትምጣ» የሚለውን ጸሎት ሲያብራራ አይሁድ እንዲጠሩ እንጸልያለን ይላል።

በእነዚህ ሦስት ምዕራፎች የሌለውንም ልብ በይ። ስለ ድንበር ምንም የለም። በኢየሩሳሌም እንደገና ይሠራል ስለሚባለው ሦስተኛ ቤተ መቅደስ ምንም የለም። ጳውሎስ ስለ አብርሃም ርስት ሲናገር፣ ሮሜ 4፥13 ላይ፣ «የዓለም ወራሽ» ነው የሚለው።

ወደ ዘፍጥረት 12፥3 እንመለስ። ሰባኪው ከባዶ አልተነሳም። በለዓም ዘኍልቍ 24፥9 ላይ ይህንኑ ቃል በእስራኤል ሕዝብ ላይ ይደግመዋል። ያቆመበት ቦታ ነው ችግሩ። ቁጥሩ የሚያበቃው «የምድር ነገዶችም ሁሉ በአንተ ይባረካሉ» በሚል ነው። ጳውሎስ ገላትያ 3፥8 ላይ ይህን ሐረግ ይጠቅስና ለአብርሃም አስቀድሞ የተሰበከ ወንጌል ነው ይላል። ወንጌል የሆነውን ጥቅስ ሰባኪሽ የአንድ መንግሥት ፖሊሲ መደገፊያ አደረገው።

መባረክ ማለት መንግሥት ያደረገውን ሁሉ ማጽደቅ ከሆነ ነቢያት ሁሉ የተረገሙ ነበሩ። አሞጽ በቤቴል ስለ ድሃው ሲጮኽ ካህኑ አሜስያስ አገሪቱ ቃሉን ልትሸከም አትችልም ብሎ ለንጉሡ ላከበት። ኤርምያስ ሕዝቡን ተስፋ አስቆረጠ ተብሎ ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ፤ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። እነዚህ ሰዎች እስራኤልን አልጠሉም። ጌታ ራሱ ኢየሩሳሌምን አይቶ አለቀሰላት፤ እያለቀሰ ጥፋቷን ተናገረ። በእስራኤል መንግሥትም፣ በሐማስም፣ በየትኛውም ወገን ላይ በደልን በደል ማለት እርግማን አያመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ ሰባኪውን ጠይቂልኝ። በቤተልሔም፣ በናዝሬት፣ በጋዛም ክርስቲያኖች አሉ። ቅድመ አያቶቻቸው ከእኛ ብዙዎቻችን በፊት ያመኑ ናቸው። በ2006 የኢየሩሳሌም የላቲን ፓትርያርክ፣ ከሶርያ ኦርቶዶክስ፣ ከአንግሊካንና ከሉተራን መሪዎች ጋር ሆነው እንዲህ ያለውን፣ «ክርስቲያን ጽዮናዊነት» የሚባለውን ትምህርት በጋራ መግለጫ ተቃውመዋል። መሬቱን የወሰዱበት ፍልስጥኤማዊ ክርስቲያን ያን ስብከት ቁጭ ብሎ ቢሰማ ምን ይባላል? እሱም የክርስቶስ አካል ብልት ነው። በሌላ በኩል «አይሁድ አልቆላቸዋል» የሚለው ሰው ቴል አቪቭ ውስጥ በኢየሱስ የሚያምነውን አይሁዳዊ ምን ይለዋል? በ1984ና በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤሎችንስ? የ1991ዱ ጉዞ በሆነው በሰሎሞን ዘመቻ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጓጉዟል።

1948 የትንቢት ፍጻሜ ነው ወይ? እኔ ትንቢት ተፈጸመ ብዬ አላውጅም። ዘዳግም 30 መመለስን ከንስሐ ጋር ነው የሚያያይዘው። ግን ምንም አይደለም ብዬም አላልፈውም። ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. በሮማውያን ከፈረሰች በኋላ፣ ያን ያህል ስደት አልፎ፣ በናዚዎች እጅ 6 ሚሊዮን ሰው አልቆበት፣ ይህ ሕዝብ ዛሬም መኖሩ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ሊያስበው የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወንድምሽ። ለእሱ ስል ይህን ክፍል ረጋ ብዬ ልጻፍ።

መጀመሪያ እንዳታሾፉበት። ጌታን የሚናፍቅ ልጅ ነው፤ ናፍቆቱ ትክክል ነው። የተሳሳተው ሒሳቡ ነው። በዚህ ሒሳብ ብዙ ሰው ተሰብሯል። ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ትንቢተ ዳንኤልን ቆጥሮ ብዙ ሺህ ሰዎችን አሳመነ፤ ተከታዮቹ ጥቅምት 22 ቀን 1844 ሲጠብቁ አደሩ። አዝመራቸውን ሳይሰበስቡ የቀሩ ነበሩ። የቀድሞ የናሳ መሐንዲስ ኤድጋር ዊዝናንት ንጥቀት በመስከረም 1988 ነው አለ። መነሻው 1948 ነበር፤ አንድ ትውልድ 40 ዓመት ነው፣ የበለሷ ዛፍ እስራኤል ናት የሚል። ሃሮልድ ካምፒንግ ደግሞ ግንቦት 21 ቀን 2011 አለ፤ ለማስታወቂያው ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው የሰጡ ሰዎች ነበሩ።

የበለሷን ነገር ወንድምሽ ማንሳቱ አይቀርም። ማቴዎስ 24፥32ን ካነበበልሽ ሉቃስ 21፥29ን አስነብቢው። እዚያ ጌታ «በለስንና ዛፎችን ሁሉ እዩ» ይላል። በለሷ አንድ አገር ከሆነች ሌሎቹ ዛፎች እነማን ናቸው? ጌታ የተናገረው ቀላል ነገር ነው፤ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ በጋ እንደቀረበ ታውቃላችሁ ነው ያለው። ደግሞ ማቴዎስ ላይ ከአራት ቁጥር በኋላ ያችን ቀንና ሰዓት ከአባት ብቻ በቀር የሚያውቅ የለም ብሏል። ደቀ መዛሙርቱም ሐዋርያት ሥራ 1 ላይ ለእስራኤል መንግሥትን የምትመልሰው አሁን ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ጥያቄያችሁ ሞኝነት ነው አላላቸውም። ወራቱንና ዘመናቱን ማወቅ አልተሰጣችሁም አለና እስከ ምድር ዳር ምስክሮቼ ትሆናላችሁ ብሎ ሥራ ሰጣቸው።

ንጥቀት ራሱን አትካጂበት። 1 ተሰሎንቄ 4፥17 «በደመና እንነጠቃለን» ይላል፤ ማንም ክርስቲያን ይህን አይክድም። ክርክሩ መቼ ነው የሚለው ላይ ነው። እኔ ከጌታ መምጣት ጋር አንድ ላይ የሚሆን ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጥር 16 ላይ ትእዛዝ፣ የመላእክት አለቃ ድምፅና የእግዚአብሔር መለከት አለ፤ ማንም ሳያውቅ በድብቅ የሚሆን ነገር አይመስልም። ጳውሎስ የጻፈውም ዘመድ ሞቶባቸው ላዘኑ ሰዎች ነው። «እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ» ብሎ ነው የሚዘጋው፤ ቀን ቁጠሩ አላለም።

ከሁሉ በላይ ግን ከቁጥር 17 በፊት ያለውን ቁጥር 11ን አሳዪው። በጸጥታ ኑሩ፣ የራሳችሁን ጉዳይ ሥሩ፣ በእጃችሁ ሥሩ ይላል። ያው ሰው፣ በዚያው ገጽ ላይ። በሁለተኛው መልእክት ደግሞ የጌታ ቀን ደርሷል እያሉ ሰውን የሚያናውጡ ነበሩ፤ ሥራ ፈተው የሚዞሩም ነበሩ። ጳውሎስ እነዚህን ሰዎች ለጌታ የተሰጡ ብሎ አላመሰገናቸውም። «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ነው ያለው።

ስለዚህ ትምህርቱን እንዲያቋርጥ አትፍቀዱ። ለመከራከርም አትቸኩሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን አስቀምጦ ሁለቱን የተሰሎንቄ መልእክቶች ከአንቺ ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብብ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው፣ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቃሉ። እናታችሁም ትቀመጥ፤ እሷም የምትለው ይኖራታል። የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ መቼ እንደሚዘጋ ጠይቂውና ከዚያ በፊት ይሁን።